ድሬ ላይ ፒኖ ኗር ለሚፈልገው ወንድሜ

ጥያቄህን አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ተዛውረሃል። ማታ ከእራት ጋር ፒኖ ኗር የሚባለውን ቀይ ወይን አንድ ብርጭቆ መጠጣት ትወዳለህ። እዚህ ሁለት ጠርሙስ ገዝተህ ሁለቱም አልጣሙህም። «ኪስ የማይጎዳ፣ በየቀኑ የሚጠጣ ደህና ፒኖ ኗር የት ላግኝ? የትኛውንስ ልግዛ?» ነው ያልከው። ድሬ አንቱታ አታውቅምና አንተ ብልህ እንደማትቀየመኝ አምናለሁ። እዚህ ከተማ ሆቴል ቤት የመጠጥ ስቶር ይዤ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዝ። የጠጣኸው ወይን መጥፎ ላይሆን ይችላል። ሙቀት ገድሎት ይሆናል።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የባለቤቴ አባት ሊጠይቁን ሲመጡ ከአንድ ሱቅ የቺሊ ፒኖ ኗር ገዛሁ። ጠርሙሱ መስታወቱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ጊዜው ግንቦት ነው። ቤት ወስጄ ስከፍተው ቡሹ ትንሽ ወደ ላይ ተገፍቷል። ሲቀዳ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ ነው። አባታችን በትሕትና አንድ ጉንጭ ጠጥተው ብርጭቆውን አስቀመጡት። በጣም አፈርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ወይን፣ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ዓመት አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። በዚያው ማታ ፍሪጅ አስገባሁት። ስንከፍተው እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል፤ ሲጠጣ ቀላልና ንጹሕ ነው። አንድ ወይን ነው። ልዩነቱ የቆየበት ቦታ ብቻ ነበር።

ፒኖ ኗር ደግሞ ከሌላው ወይን ይልቅ ይህን አይችልም። የወይን ፍሬው ቆዳ ስስ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ ታኒን የሚባለው፣ እንደ ጠንካራ ሻይ አፍ የሚያደርቀው ነገርም ትንሽ ነው። ዋናው ነገሩ ሽታውና ትኩስነቱ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለውን ጠንካራ ቀይ ወይን ሙቀት ቢጎዳው እንኳ ጉልበቱ ይቀራል። ፒኖ ኗር ሽታው ከጠፋ ምን ቀረው? ምንም።

ውድ የሆነውም በዚሁ ጠባዩ ነው። አገሩ የፈረንሳይ ቡርጎኝ ነው፤ ብርዳም አገር። ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ የጸደይ ውርጭ ይመታዋል። ዘለላው እርስ በርሱ የተጣበቀ ስለሆነ ዝናብ ሲበዛ ቶሎ ይሻግታል። ገበሬው ምርቱን ላብዛ ካለ ደግሞ ጣዕሙ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ «ርካሽ ፒኖ ኗር» ሲባል ሁልጊዜ ጠርጥር። አንዳንዱ ርካሽ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሁሉ ፒኖ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ 75 በመቶው ፒኖ ኗር ከሆነ ስሙን መጻፍ ይቻላል። በአውሮፓ 85 በመቶ ነው። የቀረው ሌላ ወይን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ቀለሙን የሚያጠቁር ነው። ብርጭቆው ውስጥ ጣትህን ማዶ ማየት እስኪያቅትህ ድረስ ከጠቆረ፣ የጠበቅከውን አላገኘህም ማለት ነው።

እና የቱን ልግዛ ላልከው፦ ቡርጎኝን ለዕለት ተዕለት ተወው። ዋጋው የበዓል ነው። ኪስ ለማይጎዳው መጀመሪያ የማየው ቺሊን ነው። እዚያ ካዛብላንካና ሌይዳ የሚባሉ ሸለቆዎች አሉ። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው ቀዝቃዛ አየር ስለሚደርሳቸው ፒኖ ይስማማቸዋል። ኮኖ ሱር የሚባለው የቺሊ አምራች በርካሽ ፒኖው የታወቀ ነው፤ ካገኘኸው ሞክረው። የሮማኒያም አለ። እሱ ስሙ ስላልገነነ ዋጋው ይቀንሳል፤ ሁለት ጊዜ ጠጥቼ ወድጄዋለሁ። የደቡብ ፈረንሳዩ «ፔይ ዶክ» የሚል ተጽፎበታል፤ ሞቅ ያለ አገር ስለሆነ ወፈር ይላል፣ ግን አይከፋም። የኒውዚላንዱ ማርልቦሮ በጣም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ጀርመኖች ፒኖን ሽፔትቡርጉንደር፣ ጣሊያኖች ፒኖ ኔሮ ይሉታል። ስሙ ተለይቶብህ ጥለኸው እንዳታልፍ።

ፒኖታዥ ግን ፒኖ ኗር አይደለም። ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሻጮቹም «ያው ነው» ይሉሃል። በ1925 በደቡብ አፍሪካ አብርሃም ፔሮልድ የተባለ ፕሮፌሰር ፒኖ ኗርን ሳንሶ ከሚባል ሌላ የወይን ዝርያ ጋር አዳቅሎ ያገኘው ነው። ልጁ ወላጁን አይመስልም። ጠቆር፣ ጠንከር ይላል፤ አንዳንዴ የጭስ ሽታ አለው። ፒኖ ግሪጆ ደግሞ ነጭ ወይን ነው።

ድሬ ላይ ግን ከአገሩ ይልቅ ሱቁን መምረጥ ይበልጣል። ከዚራም ግባ፣ ሳቢያንም ግባ፣ መጀመሪያ ጠርሙሱ የት እንደቆመ እይ። መስታወት አጠገብ ወይም ከላይኛው መደርደሪያ አምፖል ሥር ያለውን አትንካ። «ካርቶን ውስጥ ያለ ካለ አምጣልኝ» በል። ሻጩ ቅር አይለውም፤ እኔ ሁልጊዜ እላለሁ። ጠርሙሱን አንሥተህ አንገቱን አስተውል። ቡሹ ከአፉ ከፍ ካለ፣ ክዳኑ ሥር የደረቀ የወይን ጠብታ ካለ ወይም መጠኑ ከአንገቱ ዝቅ ካለ ሙቀት አግኝቶታል፤ መልሰው። ዓመቱንም እይ። ርካሽ ፒኖ በማቆየት አይሻሻልም። ከተመረተ ሦስት ዓመት ያለፈውን እዚህ ከተማ አልገዛም። በቡሽ ፋንታ በብረት ክዳን የሚጠመዘዝ ካገኘህ አትናቀው። እንዲያውም ለእኛ አገር ይሻላል፤ ቡሽ ቆሞ ሲቀመጥ ይደርቅና አየር ያስገባል።

ዕቃው ቶሎ ቶሎ የሚሸጥበት ሱቅ ደግሞ ይሻላል። ሠርግና ድግስ የሚያዝዝ ደንበኛ ያለው ግሮሰሪ ጠርሙስ አያሳድርም። ቆንጆ መደርደሪያ ያለው፣ ግን አቧራ የለበሰ ጠርሙስ የሚሸጥልህ ሱቅ አያታልልህ።

ከጅቡቲ ለሚመጣ ሰው «አምጣልኝ» ስለማለት ጠይቀሃል። በክረምት እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። መኪና ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ወይን ያው እኔ እንደገዛሁት ዘቢብ ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ ጥሩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመለስ ግን ሁለት ሦስት ጠርሙስ በልብስ ጠቅልለህ ሻንጣህ ውስጥ ክተት። ለእኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም።

አሁን ወደ ቤትህ እንምጣ። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚባለውን ድሬ ላይ እርሳው። ያን ያሉት ሰዎች ክፍላቸው 17 ወይም 18 ዲግሪ ነበር። ያንተ ሳሎን በግንቦት 30 ያልፋል። በዚያ ሙቀት ፒኖ ኗር ስትቀዳ ቀድሞ የሚሸትህ አልኮሉ ነው። ፒኖ የሚጥመው ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አቆየው። እራት ሲቀርብ አውጣው፣ ቅዳው፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ድሬ ራሷ ታሞቀዋለች። ብርጭቆህን ግማሽ አትሙላ፤ ትንሽ ትንሽ ቅዳና ጠርሙሱን ወደ ፍሪጅ መልስ።

መብራት ሲጠፋስ? የእናቴ ዘዴ አለ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አርጥበህ ጠርሙሱን ጠቅልል፣ ነፋስ የሚያገኝበት ጥላ ላይ አቁም፣ ሲደርቅ እንደገና አርጥብ። የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፤ ግን ከማጣት በእጅጉ ይሻላል።

አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። በልክ ከተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ብቻህን ከሆንክ ክዳኑን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይልሃል። ሳሎን ካሳደርከው በማግስቱ ኮምጣጣ ነው።

ሐረር ወዳጅ ካለህ ደግሞ ዕድለኛ ነህ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመኪና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትወጣ አየሩ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የነበረች እህት የሐረር ልጅ ናት። ከግንቦት በፊት የገዛኋቸውን ጠርሙሶች እሷ ቤት፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የጓዳ ክፍል ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጥቂት ጥቂት እያልኩ አወርዳቸዋለሁ። እስካሁን አንድም አልተበላሸብኝም።

አሁን ቅር የሚያሰኝህን ልናገር። በየቀኑ ፒኖ ኗር መጠጣት ድሬ ላይ አያዋጣም። ከውጭ የሚገባ ወይን የውጭ ምንዛሬና ቀረጥ አለበት። በአንዱ ፒኖ ዋጋ የአገር ውስጡን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ጠርሙስ እገዛለሁ። ደግሞም አንተ የምትወደው ነገር ስሙ አይመስለኝም። የምትወደው ቀለል ያለ፣ አፍ የማያደርቅ፣ ቀዝቀዝ ብሎ የሚጠጣ ቀይ ወይን ነው። ይህን ከሌላም ታገኘዋለህ። አገራችን ውስጥ የተመረተ ፒኖ ኗር ሲሸጥ አላየሁም። የዝዋዩ የወይን ፋብሪካ ካስቴል ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉ ቀይ፣ ሻርዶኔ የሚባል ደግሞ ነጭ ወይን ያመርታል። ከእነዚህ ለዕለት የምገዛው ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ነው። እንደ ፒኖ አድርጌ ፍሪጅ አስገብቼ፣ ቀዝቀዝ እንዳለ እጠጣዋለሁ። ፒኖ ነው አልልህም። ግን ሲቀዘቅዝ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከምግብ ጋርም ይሄዳል። አካሲያ የሚባለውን ሌላውን የካስቴል ወይን ከገዛህ ጽሑፉን አንብብ፤ «ሚዲየም ስዊት» የሚለው ጣፋጭነት አለው፣ አንተ የምትፈልገው እሱን አይደለም። ከውጭ ደግሞ ቦዦሌ የሚል ካየህ አትለፈው። ጋሜ ከሚባል ወይን የሚሠራ፣ ከፒኖ ጋር በጣም የሚቀራረብ ነው።

ባለቤቴና እኔ እንዲህ እናደርጋለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ የፈለግን ቀን ቀዝቃዛ ሜርሎ። ፒኖ ኗር በወር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። እንዲያ ሲሆን ደህናውን መግዛት እንችላለን።

ከምን ጋር ትበላዋለህ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ፒኖ ከእኛ ማዕድ ጋር የሚስማማው ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። በርበሬና አልኮል አብረው ምላስ ያቃጥላሉ። ጠርሙሱ ላይ 14.5 የሚል ወይን ከቀይ ወጥ ጋር ስትጠጣ እሳት በእሳት ነው። ፒኖ ብዙ ጊዜ 13 አካባቢ ነው፤ ታኒኑም ትንሽ ስለሆነ ከበርበሬው ጋር አይጣላም። የሚያምርበት ግን በርበሬ ያልበዛበት ነገር ላይ ነው። አልጫ፣ ለብለብ፣ በሮዝመሪና በሽንኩርት የተጠበሰ ዝልዝል ጥብስ። በጾም የእንጉዳይ ጥብስ ከተገኘ በጣም ይገጥማል። ክትፎ ሚጥሚጣው ቀነስ ብሎ ከሆነም እሺ ነው።

ከሁሉም ግን ሀኒድ። ቀስ ብሎ የበሰለ የፍየል ሥጋ፣ አጥንቱን የሚለቅ፣ ከሩዙ ጋር። ሀኒድ ቤቶቻችን ወይን አያቀርቡም፣ አይጠየቁምም። አስጠቅልለህ ወደ ቤት ውሰደው። ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳ ላይ ዘርጋው፣ ፒኖውን ከፍሪጅ አውጣ፣ ጎረቤትህንም ጥራ፤ ለማይጠጣው የሎሚ ጭማቂ አዘጋጅለት። አቦ፣ ከሞከርከው በኋላ እንዴት እንደነበር ጻፍልኝ። የገዛኸውን ጠርሙስ ስምና የተመረተበትን ዓመትም ጨምርበት፤ ደህና ከሆነ እኔም እገዛዋለሁ።