በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስዬ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ ታሞ ሳለ «ከዳነልኝ እስከ ገዳሙ በእግሬ እሄዳለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። መንገዱ ግን ገጠር ለገጠር የብዙ ቀን ነው፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል። አብረውኝ የሚሄዱት ደግሞ «በመኪና ከሄድሽ በረከቱ ይቀርብሻል» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ልጅሽን ማረልሽ።

መጀመሪያ «በረከቱ ይቀርብሻል» የሚለውን እንተወው። ማን ለክቶት ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር፣ ፊልጶስም የደረሰበት እዚያው ነው፣ የተጠመቀውም መንገድ ላይ ባገኙት ውኃ። በሠረገላ ሄድክ ብሎ የወቀሰው የለም። ምዕራፍ 20 ላይ ደግሞ ጓደኞቹ በመርከብ ሲሄዱ ጳውሎስ በየብስ መሄድን መረጠ። ቀጥሎ ባለው ከተማ ተገናኙና አብሯቸው ተሳፈረ። በቃ።

በእግር መሄድ ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ወሬው ያልቅበታል፣ ስልኩም ይዘጋል፣ ያኔ ጸሎት ቦታ ያገኛል። በዳዊት መዝሙር ከ119 እስከ 133 ያሉትን 15 መዝሙራት ያዢ፤ «የመዓርግ መዝሙር» የሚል ርእስ ያላቸው ናቸው፣ አጫጭር ስለሆኑ እየሄዱ ለመጸለይ ይመቻሉ። ብቻ መንገዱን የበረከት ዋጋ አታድርጊው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አይቶ የመጣ ሰው ነው፣ ሆኖም ቦታ መለወጥ ብቻውን ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም ብሎ ጽፏል።

ስእለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ጉልበቴን አሞኛል፣ ቀረ» ብለሽ በራስሽ የምትሰርዢው አይደለም፤ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። በሌላ በኩል ዘሌዋውያን 27፥8ን አንብቢ። የተሳለው ሰው ድሀ ሆኖ የተተመነውን መክፈል ቢያቅተው ካህኑ ፊት ይቆማል፣ ካህኑም እንደ አቅሙ ይገምትለታል። እዚያ የሚወራው ስለ ገንዘብ ነው፣ ነገሩ ግን ለጉልበትም ይሠራል ባይ ነኝ። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት የንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂና ሐኪም ያለሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ምናልባት የመጨረሻውን ቀን ብቻ ተራመጂ ይሉሻል፣ ምናልባት በመኪና ሂጂና ለድሆች መጽውቺ ይሉሻል። ያሉሽን ፈጽሚ። ከዚያ በኋላ «ስእለቴ ጎደለ ይሆን?» እያልሽ ሌሊት አትገላበጪ።

መራመድ ከተፈቀደልሽ የኪኒን ሰዓትሽን አታዛቢ፣ ጾሙንም ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ከሁሉም ዘገምተኛ ከሆነው ሰው ጋር ሂጂ። የማኅበር ጉዞ ላይ ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በፍጥነት ነው፣ ፊት ፊት የሚሮጡት ሲበሳጩ ከኋላ የቀሩት ያለቅሳሉ። የገበሬውን እርሻ ሳትረግጡ ዳር ዳሩን እለፉ፣ የውኃ ላስቲካችሁንም ሰብስቡ። ለጓደኞችሽ ደግሞ ይህን መልስ አንብቢላቸው፣ ቅር ካላቸው ጥያቄያቸውን ራሳቸው ይላኩልኝ።