እንስሳት ላሉበት ግቢ የሚሆን የአጥር ሐረግ፦ ጥያቄና መልስ

አጥራችሁን ሐረግ ልታለብሱ አስባችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ፣ ድመት ወይም ፍየል ካለ ጥያቄያችሁን ጣል አድርጉ። እንስሳው ምን እንደሆነ መጻፍ አትርሱ። አንዱን የማይነካ ተክል ሌላውን ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ ቡችላ አለኝ። ወይን ብተክልስ?

መልስ፦ ወይን ይቅርብህ ወንድሜ። ቅጠሉ ችግር የለውም። ፍሬው ግን የውሻን ኩላሊት ከሥራ ውጪ ሊያደርግ ይችላል፤ ዘቢቡም ያው ነው። የሚከፋው ደግሞ ስንት ፍሬ እንደሚጎዳ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። አንዱ ውሻ ብዙ በልቶ ምንም አይሆንም፣ ሌላው በጥቂቱ ይታመማል። ፍሬው ሲበስል መሬት ላይ ይረግፋል፣ አንተ ደግሞ ቡችላህን 24 ሰዓት ልትጠብቀው አትችልም። በምትኩ ወደ ላይ የምትወጣ ጽጌረዳ ወይም ስታር ጃስሚን የሚባለውን ሐረግ ትከል። ጽጌረዳ መርዝ የላትም፤ እሾኋን ብቻ አስብበት፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ ከቡችላው ዓይን ከፍ አድርገህ ከርክም። ስታር ጃስሚን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እሱ እስኪሸፍን ከሥሩ ናስተርሺየም የሚባለውን አበባ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ዓይነት፣ ዝራ። እሷን ሰውም ይበላታል።

ጥያቄ፦ ጃስሚን ለድመት መርዝ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ የትኛው ጃስሚን? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጃስሚነም የሚባለው ዋናው ጃስሚንም፣ ስታር ጃስሚንም ድመትን፣ ውሻንና ፈረስን አይጎዱም። ካሮላይና ጃስሚን የሚሉት ቢጫ አበባ ያለው ሐረግ ግን ጄልሰሚየም የሚባል ሌላ ተክል ነው፤ ዝርያው ከጃስሚን አይደለም። ከሥር እስከ አበባው መርዝ ነው፣ ጡንቻ ያዝላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። የአበባው ማር ንብ እንኳ ይጎዳል። በቀለሙ ብቻ አትለዪው፤ ቢጫ የሚያብብ ትክክለኛ ጃስሚንም አለ። ችግኝ ስትገዢ የሳይንስ ስሙን ጠይቂ፣ ሻጩ የማያውቀው ከሆነ አትግዢ።

ጥያቄ፦ አይቪ የሚባለው ሐረግስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቅጠሉና ፍሬው ሳፖኒን የሚባል መርዝ አለበት፣ እንስሳውን ያስመልሰዋል። ፈሳሹ የሚከረክመውን ሰው ቆዳም ያሳክካል።

ጥያቄ፦ ዊስቴሪያ የሚባለውን ሐረግ ድሮ ተክለናል። መንቀሉ አሳዘነኝ፣ ውሻችን ደግሞ አርጅቷል፣ ምንም አያኝክም።

መልስ፦ እንግዲያው አይነቀል። በጣም የሚጎዳው ዘሩና ዘሩን የያዘው ቆባ ነው። አበባው እንደጠወለገ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ቆባ አይያዝ። ቆባው ሲደርቅ በኃይል ይፈነዳና ዘሩን ራቅ አድርጎ ይበትናል፤ ስለዚህ መሬቱን መልቀም ብቻ አይበቃም። ቡችላ ካመጣችሁ ግን ያኔ ንቀሉት።

ጥያቄ፦ ፍየልና በግ ነው ያለኝ። አጥሩ ላይ የሚቆይ ነገር አለ?

መልስ፦ ፍየል ለደረሰችበት ሐረግ አትራራም። ተክሉ እስኪጠነክር በሽቦ ከልሉት፣ ቢበሉትም የማይጎዳቸውን ምረጡ፤ ጽጌረዳ ለዚህ ደህና ናት። የአዞ ሐረግን ተዉት፣ ፈሳሹ አፍ ያቃጥላል። አጥሩ ላይ የወፍ ቆሎ ካለ አጽዱ፤ ጉበት ይጎዳል፣ ከዚያ ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው ይቆስላል። ከሁሉም በላይ ግን የምትከረክሙትን ቅጠል አደራ። ኦሊያንደር የሚባለው ቁጥቋጦ ደርቆም መርዝነቱ አይለቀውም፤ የጎረቤት ሰው ከርክሞ ወደ እናንተ በኩል ቢጥለው መንጋችሁ ያልቃል። ጎረቤታችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ እንስሳው መርዛማ ተክል በልቶ ካገኘነውስ?

መልስ፦ በራሳችሁ አታስመልሱት። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ ከተክሉ ቅጠልና ፍሬ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ወዲያው እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ወይን የበላ ውሻ ደህና መስሎ ውሎ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል።