መጀመሪያ ታኮ! መኪናችሁን ደጃችሁ ላይ ለምታነሱ

ልጅ ሆኜ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል። ረዳቱ መኪናው ገና ሳይቆም ዱብ ይላል። እጁ ላይ ታኮ አለ፤ ታኮ ከሌለ ድንጋይ። ከጎማው ስር ውሽቅ ያደርገዋል። ሹፌሩ ከፍሬኑ ላይ እግሩን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። (ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትተው መሄዳቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ሌላ ቀን እንጣላለን።) እኛ ግን ውጭ አገር ገብተን፣ ሁለት ቪዲዮ አይተን፣ ደጃችን ላይ መኪና ስናነሳ መጀመሪያ የምንረሳው ያንኑ ረዳቱ የሚያውቀውን ነገር ነው።

እኔም ረስቼው አውቃለሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ በምነዳበት ዘመን ነው። ቅዳሜ ጠዋት የካምሪዬን የፊት ፍሬን ሸራ ልቀይር ተነሳሁ። ደጄ ትንሽ ቁልቁል ነው። በዓይን አይታወቅም፤ ኳስ ብታስቀምጡ ግን ትንከባለላለች። ማርሹን ፒ (ፓርክ) ላይ አደረግኩ። የእጅ ፍሬን አልያዝኩም፤ "ፒ ላይ ሆኖ የት ይሄዳል?" ብዬ። ከመኪናው ጋር የመጣችውን ትንሽ ክሪክ አስገብቼ የግራውን ፊት አነሳሁ፤ ጎማውን ፈታሁ። ጎማውን አቅፌ ወደ ጎን ዞር ስል መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ስንዝር አይሞላም። ክሪኩ ዘመም አለ፤ ከዚያ ካምሪው ጓ ብሎ በፍሬኑ ዲስክ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ሲሚንቶው ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ቀረ። ከደቂቃ በፊት እጄ እዚያው ቦታ ነበር። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ "ምን ወደቀ?" አለች። "ምንም" አልኳት።

ፒ ለምን እንዳልያዘልኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፒ የሚቆልፈው ጎማውን ሳይሆን ካምቢዮውን ነው። ካምሪ፣ ኮሮላና ፕሪየስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነዱት በፊት ጎማ ነው። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ደግሞ ዲፈረንሻል አለ፤ ሁለቱ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ጥርስ ነው። አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ነፃ ይሆናል። መሬት ላይ የቀረው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር፣ አየር ላይ ያለው በተቃራኒው ይዞራል። ካምቢዮው እንደተቆለፈ መኪናው ይሄዳል ማለት ነው። የሚያድናችሁ የእጅ ፍሬን ነው፤ እሱ በአብዛኛው የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። ኋላውን ስታነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእጅ ፍሬኑ የያዛቸው ጎማዎች አየር ላይ ናቸውና ይዟል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፒም ይግባ፣ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ደግሞ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባላቸው። ፊቱን ካነሳችሁ ለኋላ ጎማዎች፣ ኋላውን ካነሳችሁ ለፊቶቹ። የጎማ ታኮ የትም ይሸጣል፤ ከምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛው ነገር የተማርኩት ሳይሆን ያስተማርኩት ነው። የእህቴ ልጅ በዲቪ የመጣ ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በጀርባው ተንጋሎ ግማሽ ሰውነቱ ከመኪና ስር ነው። ከላይ የያዘው ክሪክ ብቻ ነው። ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ይደነግጣል ብዬ በቀስታ "ና እስኪ አንዴ" አልኩት። ወጣ።

"ምነው ጋሼ? ክሪኩ እኮ 3 ቶን ያነሳል ይላል። ካምሪ 1.5 ቶን አይሞላ።"

"ማንሳቱንማ ያነሳል። ይይዛል ብሎ ማን ነገረህ?"

ባለዘይት ክሪክ መኪናውን ያቆመው በውስጡ በታመቀው ዘይት ነው። ዘይቱን የያዘው ደግሞ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ካረጀ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከተበጠሰ ግን በቀስታ አይወርድም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ባለጥርስ ክሪክም መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ብቻ የተሠራ ነው። መቀመጫው ጠባብ ስለሆነ ከጎን ትንሽ ሲገፋ ይዘማል። የመኪናው መመሪያ ራሱ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ስር አትግቡ ይላል። ክሪክ ያነሳል፤ የሚይዘው ስታንድ ነው። ጃክ ስታንድ የሚሉት፣ ባለእግሩ ብረት። ጥንድ ግዙ። ላዩ ላይ የተጻፈው ክብደት ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ መመሪያውን አንብቡ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለካምሪና ለኮሮላ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ቶን ይበቃል። ሲየና የሚነዳ ባለ 3 ቶኑን ይያዝ፤ እሱ ከ2 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል።

ስታንድ ስለሆነ ብቻ ደግሞ አትመኑት። በ2020 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ ሱቅ ይሸጣቸው የነበሩ ፒትስበርግ የሚል ስም ያላቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ስታንዶች ከገበያ ሰብስቧል። ቁጥራቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ችግሩ የስታንዱን ከፍታ የሚቆልፈው ጥርስ በደንብ አለመያዙ ነው፤ ክብደቱ ሲንቀሳቀስ ሊለቅ ይችላል። በምትክ ከሰጡትም ውስጥ የብየዳ ጉድለት ተገኝቶበት እንደገና የተሰበሰበ ነበር። ያገለገለ ስታንድ ከሰው ጋራዥ የምትገዙ ወይም በስጦታ የተቀበላችሁ ካላችሁ የሞዴል ቁጥሩን አይታችሁ አጣሩ። እኔ በግሌ ከጥርሱ ሌላ መቀርቀሪያ ብረት የሚገባበትን ዓይነት እመርጣለሁ። ጥርሱ ቢለቅ ብረቱ ይይዘዋል።

ብሎኬት? በፍጹም። አገር ቤት ስንት ነገር በብሎኬት እንደምናቆም አውቃለሁ። ብሎኬት ግን ሲሰበር አይሰነጠቅም፣ አያስጠነቅቅም፤ ይፈረካከሳል። የድንጋይ ክምርና የተደራረበ ጣውላም ያው ነው።

ክሪኩ የሚገባበትን ቦታ አትገምቱ። የመኪናው መመሪያ ላይ በሥዕል አለ። ከጎን ሲሆን በሮቹ ስር ባለው የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሁለት ጥርብ ምልክቶች ታያላችሁ፤ ክሪኩ የሚገባው በሁለቱ መካከል ነው። ከወለሉ ስር ያገኛችሁትን ጠፍጣፋ ቦታ ሁሉ አትግፉ። አንድ ወዳጃችን የዘይት ገንዳውን በክሪክ ገፍቶ ጎድጉዷል፤ ዘይት ለመቀየር ተነስቶ ገንዳ ቀየረ።

ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር አላሏቸው። አየር ላይ ካለ ጎማ ጋር መታገል መኪናውን ከክሪክ ላይ መግፋት ነው። ከዚያ አንሱ፣ ስታንዱን አስገቡ፣ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አውርዳችሁ ክብደቱን ለስታንዱ ስጡት። አሁን በሁለት እጃችሁ መኪናውን ከጎን ግፉት። በደንብ ግፉት። የሚወድቅ ከሆነ እናንተ ውጭ ሳላችሁ ይውደቅ። የፈታችሁትን ጎማ ደግሞ ከበሩ ጠርዝ ስር አጋድሙት። ሁሉም ነገር ቢከዳችሁ መኪናው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ይህን ያሳየኝ አንድ አዛውንት ኤርትራዊ መካኒክ ነው። እስከ ዛሬ ጎማዬ ከመኪናው ስር ሳይገባ እኔ አልገባም።

ወለሉስ? ሲሚንቶ ጥሩ ነው። አስፋልት በበጋ ያታልላል። ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዱባይና ኩዌት ያላችሁማ አይነገራችሁም። ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ይለሰልስና የስታንዱ ቀጭን እግር ቀስ እያለ ይሰምጣል። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆርጣችሁ ከስሩ አንጥፉ፤ ሥራውንም በጠዋት ጨርሱት። ሣር፣ አፈርና ጠጠር ላይ ባታነሱ ይሻላል።

በረዶ ባለበት አገር ደግሞ ክሪክ በዓመት ሁለቴ መውጣቱ አይቀርም። ስዊድን የክረምት ሁኔታ ካለ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው፤ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15። ብዙው አበሻ ታዲያ ኖቬምበር 30 ማታ በእጅ ባትሪ ነው የሚቀይረው። በረዶ ላይ ክሪክም ታኮም ይንሸራተታል። ኦክቶበር ላይ ፀሐይ እያለ ቀይሩት። ለጥቂት ሳምንታት የበረዶ ጎማ በደረቅ አስፋልት ብትነዱ ምንም አትሆኑም።

አፓርትመንት የምትኖሩ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ብዙ ቦታ ፓርኪንግ ላይ መኪና መጠገን ክልክል ነው። ስታንድ ላይ የተሰቀለ መኪና ትታችሁ ዕቃ ልትገዙ ከሄዳችሁ ደግሞ የሚያገኘው ጥበቃው ብቻ አይደለም። የጎረቤት ልጅም ያገኘዋል።

ዘይት ብቻ ለመቀየር ከሆነ ክሪኩንም ስታንዱንም ተዉት። ራምፕ (ጎማው የሚወጣበት ትንሽ ዳገት) ግዙ፤ ሁለቱን ፊት ጎማዎች ቀስ ብላችሁ ታወጧቸዋላችሁ፣ ለኋላዎቹ ታኮ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ከመውጣታችሁ በፊት ከጎን ሆኖ የሚያያችሁ ሰው ይኑር። መካከሉ ላይ ደርሶ ተጨማሪ ነዳጅ የሰጠ ሰው ራምፑን ዘልሎ ይወርዳል።

ፕሪየስ ላላችሁ፣ ቁልፉን ከመኪናው አርቃችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። መኪናው ሬዲ ላይ (ለመነዳት ዝግጁ ሆኖ) ከቀረ ዝም ያለ ይመስላችኋል፤ ባትሪው ሲያንሰው ግን ሞተሩ በራሱ ይነሳል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማውን ገመድ አትንኩ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ወደ ኤሌክትሪክ እየገቡ ነው። ባትሪው ወለሉ ስር በሙሉ ተነጥፏል። ሰፈር ያለው ጎሚስታ እንደ ቪትዝ መስሎት ክሪኩን መሀል ላይ ከሰደደው ከመኪናው ሁሉ ውዱን ዕቃ ነው የሚወጋው። በስልክ ስታወሩ ንገሯቸው።

ብቻችሁን አትሥሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ከመኪና ስር ላለ ሰው አገር ቤት እንዳለ ነው። ሁለተኛ ክሪክ በቅርብ ይኑር። የሆነ ነገር ቢፈጠር ሌላው ሰው ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር (አሜሪካ ከሆነ 911) ይደውልና መኪናውን በሁለተኛው ክሪክ ያነሳል እንጂ እግር አይጎትትም።

ስትጨርሱ ጎማውን መልሱ፣ ከስር ዕቃም ሰውም አለመኖሩን እዩ፣ ትንሽ አንሱ፣ ስታንዱን አውጡ፣ አውርዱ። ብሎኖቹን በመስቀለኛ እያለፋችሁ አጥብቁ፤ ለአብዛኛው የቶዮታ አውቶሞቢል 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በአሜሪካኑ መለኪያ 76 ፉት ፓውንድ። መለኪያ ያለው መፍቻ ይኑራችሁ። በእግር ቆሞ ማጥበቅ ብሎን ይጎዳል። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ።

የፍሬን ሸራ ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ ሞተር አስነስታችሁ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የፍሬኑን ፔዳል ደጋግማችሁ ርገጡ። ሸራውን ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ኋላ ስለገፋችሁት የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ እግራችሁ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ያን ቅዳሜ ካምሪዬን በጎረቤት ክሪክ አንስቼ፣ ሸራውን ቀይሬ፣ ላቤን ጠርጌ ገባሁና ወደ ኋላ ልወጣ ማርሽ አስገባሁ። ፍሬን ስረግጥ የለም። መንገድ ተሻግሬ የጎረቤቴን የቆሻሻ በርሜል ገጨሁ። ባለቤቴ እንደገና በመስኮት ብቅ አለች። ይህን ጊዜ ምንም አልጠየቀችም።