ስማችሁን አትተርትሩ

ጥልፍ የምትማር አንዲት ወጣት «በሠራሁት ጨርቅ ላይ ስሜን ብጠልፍ ትዕቢት አይሆንብኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ተማሪ ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጠረጴዛ ልብስ ጠልፌ ነበር። ዳር ዳሩን ሐረግ፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ በቀይ ክር ስሜንና ዓመተ ምሕረቱን። ለባዛር ከመቅረቡ በፊት አስተማሪያችን እየዞሩ ሲያዩ «ስም ያለበትን ዕቃ ማን ይገዛል? ተርትሪው» አሉኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ መርፌ የሌላት ልጅ ስትኖር ከራሳቸው ቦርሳ አውጥተው ይሰጡ ነበር። በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ እያነሳሁ ተረተርኩት። ክሩ ወጣ፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን ቀረ። ጨርቁን ወደ መስኮት ከፍ ሳደርገው ስሜ በብርሃን ይነበባል። በጥፍሬ ባሸው፣ ውሃ ብረጭበት፣ በካውያ ብጫነው አልደፈን አለ። ማን እንደገዛው አላውቅም። እስካሁን ሰው ቤት ገብቼ የቆየ የጠረጴዛ ልብስ ካየሁ ማዕዘኑን እገልጣለሁ፤ ልጆቼ ያፍሩብኛል።

በእንግሊዝ አገር ዓመተ ምሕረት ከተጠለፈባቸው የጥልፍ መለማመጃ ጨርቆች ቀደምቱ የጄን ቦስቶክ ነው፤ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ስሟንና 1598 እ.ኤ.አ. የሚለውን ጠልፋበታለች። አሊስ ሊ የምትባል ሕፃን በ1596 ኖቬምበር 23፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መወለዷንም ጽፋለች። ከዚሁ ጨርቅ ላይ የተተረተሩ ሥዕሎች አሉ፤ አንዱ ግንብ የተሸከመ ዝሆን ነው፤ ቅሪቱ አሁንም ይታያል። ከዝሆኑ ጋር ዝምድና ተሰማኝ።

ኋላ ትንንሽ ልጃገረዶች በትምህርት ቤትና በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ፊደልና ቁጥር ይጠልፉ ነበር፤ ገረድ ሆነው ሲቀጠሩ የጌቶቻቸውን አንሶላና ፎጣ ምልክት የሚያደርጉት እነሱ ናቸውና። ከእነዚህ ሁሉ የኤልሳቤጥ ፓርከርን የሚያህል የለም። በ1813 በእንግሊዝ አገር፣ ሰሴክስ በሚባል አውራጃ የተወለደች ገረድ ናት። በ1830 አካባቢ በቀይ የሐር ክር፣ ያለ አበባ ያለ ሐረግ፣ «መጻፍ ስለማልችል» ብላ ጀምራ አሠሪዋ ያደረሰባትን ግፍና ራሷን ለማጥፋት እስከማሰብ መድረሷን በመርፌ ተናገረች። ጽሑፉ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል። እሷ ግን አስተማሪ ሆና ለእርጅና በቅታለች።

የዛሬ ልጆች ጥልፉ ሳያልቅ ፎቶግራፍ አንስታችሁ ለዓለም ታሳያላችሁ። ስማችሁን በየስልኩ ስትበትኑት ትዕቢት ያልሆነ፣ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ለምን ትዕቢት ይሆናል?

መተርተር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የተጣመመ ሐረግ ሰባት ጊዜም ቢሆን ይተርተር፤ እኔም ተማሪዎቼን አስለቅሼበታለሁ። ስሙን ብቻ ተዉት። ቀይ ክር ከመረጣችሁ ደግሞ ቀለም ይለቃልና አስቀድማችሁ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት።