መሻገሪያችንን ጎርፍ ወሰደው፤ ወፍራም ግንድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በባሶና ወራና ወረዳ የምንኖር ወጣቶች ነን። በሰፈራችን ጅረት ዳር የእግር መንገድ ጠርገን፣ 3 ሜትር የባሕር ዛፍ መሻገሪያ ሠርተን ነበር። ሐምሌ ላይ ግንዱ ያረፈበት የድንጋይ ካብ ተንዶ ጎርፍ ጠርጎት ሄደ። መንገዱም ጭቃ ሆኖ ሰው በሣሩ ላይ እየሄደ ነው። ዘንድሮ ግንዱን ብናወፍረው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የተናደው ካቡ እንጂ ግንዱ አይደለም። መሻገሪያው እንዲያጥር ካብ ወደ ውሃው ሲገባ ጅረቱ ይጠባል፣ ይፈጥናል፣ የካቡን ሥር ይቦረቡራል።

መጀመሪያ የጎርፉን ልክ ፈልጉ፦ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ገለባ እዩ፣ አዛውንቶችንም ጠይቁ። የግንዱ ሆድ ከዚያ ምልክት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጎርፉ ዛፍ የሚያወርድ ከሆነ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ግንቡ ከጅረቱ ጠርዝ በሁለቱም በኩል 1 ሜትር ወደ ኋላ ይሽሽ፤ መሠረቱ አለት ላይ ይረፍ፤ አለት ከሌለ ከጅረቱ ወለል በታች ይውረድ። የድንጋዩ ማያያዣ ቅልቅል 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ ይሁን።

እንግዲህ ጅረቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 3 ሜትር ከሆነ፣ በግንቦቹ መካከል ያለው ርዝመት 5 ሜትር ሆነ። ለዚህ ቀጭኑ ጫፋቸው 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ 3 ቀጥ ያሉ ግንዶች ይበቃሉ። ልጧቸው፣ ወፍራምና ቀጭን ጫፋቸውን አፈራርቁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጧቸው። ግንድ ቀድሞ የሚበሰብሰው አፈር የነካው ጫፉ ነውና ዙሪያውን አፈር አትሙሉበት። የተቃጠለ ዘይት አደራ አትቀቡት፤ ከብቱ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ይገባል። ጭድ የጫነች አህያ እንድታልፍ ስፋቱ 1.5 ሜትር ይሁን። በግንዶቹ ላይ አግድም በምትመቷቸው ጣውላዎች መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ በጣም ከሰፋ የአህያዋ ሰኮና ይገባል። የውርጭ ማለዳ ጣውላ ስለሚያንሸራትት ላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ ምቱበት። የግንዶቹን አንድ ጫፍ ብቻ በሰንሰለት ከትልቅ ድንጋይ ጋር እሰሩ፤ ያልታሰበ ጎርፍ ቢያነሳቸው ዞረው ዳር ይይዛሉ።

መንገዱን ከጅረቱ 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ አርቁት፤ የዳሩን ቁጥቋጦ አትንኩ፣ አፈሩን የያዘው ሥሩ ነው። መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ አልብሱት፤ በ1 ሜትር ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጅረቱ ዘንበል ይበል። በየ15 ሜትሩ አግድም ቦይ አውጡ፤ የመጨረሻው ቦይ መሻገሪያው ጋ ሳይደርስ ውሃውን ያስወግድ።

ግንዱን ጥቅምት ላይ ቁረጡና ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ግንቡን በኅዳርና በታኅሣሥ ሥሩ፣ ግንዱን በልግ ሳይገባ ስቀሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያልደረቀ ሲሚንቶን ያላሽቃል፤ አዲሱን ግንብ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በጭድና በጆንያ ሸፍኑት።