ለታሰረ ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ለማን፣ ምን ተብሎ፣ በማን በኩል?

ስለ እስረኞችና ስለ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚጻፉ ደብዳቤዎችን የሚመለከቱ ጥያቄዎቻችሁን በዚህ እትም ሰብሰብ አድርገን መልሰናል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ “ለእገሌ ደብዳቤ ጻፉ” የሚል ጥሪ በየጊዜው ይደርሰኛል። እውነቱን ንገሩኝ፤ የማላውቀው አገር ሚኒስትር የእኔን ደብዳቤ አይቶ እስረኛ ይፈታል? (መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንድ ደብዳቤ እስረኛ አያስፈታም። ብዙ ደብዳቤ ግን አሳሪው “ይህን ሰው የሚያውቀው የለም” ብሎ እንዳያስብ ያደርጋል። ድብደባና ደብዛ ማጥፋት የሚበረታው ደግሞ ጠያቂ በሌለው እስረኛ ላይ ነው። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የመጀመሪያውን አስቸኳይ ጥሪ (አደጋ ላይ ላለ ሰው ቶሎ ደብዳቤ ጻፉ የሚል ጥሪ) ያወጣው በመጋቢት 1973 ነበር፤ የብራዚል ወታደራዊ መንግሥት ላሰረው ፕሮፌሰር ለሉዊዝ ባዚሊዮ ሮሲ። ሮሲ በኋላ እንደመሰከረው፣ ጉዳዩ አደባባይ መውጣቱን ሲያውቅ ከእንግዲህ ሊገድሉት እንደማይችሉ ገባው፤ ጫናውም ቀለለለት።

አንዳንዴ ውጤቱ ከዚህም ያልፋል። ናይጄሪያዊው ሞሰስ አካቱግባ በ2005 ሲያዝ 16 ዓመቱ ነበር። በድብደባ አስፈርመውኛል ባለው የእምነት ቃል በ2013 ሞት ተፈረደበት። ከ800,000 በላይ መልእክቶች ከመላው ዓለም ተላኩ፤ የዴልታ ግዛት አስተዳዳሪም በግንቦት 2015 ሥልጣን ሊለቁ ሲሉ ምሕረት አደረጉለት። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ የምሕረት ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ ደብዳቤውም ለዚያ ሰው ነበር የተጻፈው። በአንጻሩ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በመስከረም 2011 ታስሮ በ2012 18 ዓመት ሲፈረድበት፣ የደራስያን ማኅበሩ ፔን አሜሪካ በዚያው ዓመት ሸልሞታል፤ ስሙም በብዙ አገር ተጠርቷል። የተፈታው ግን በየካቲት 2018፣ የአገሪቱ ፖለቲካ ሲናወጥ ነው። ስለዚህ “እኛ አስፈታነው” ማለትም፣ “ደብዳቤው ምንም አልፈየደም” ማለትም ልክ አይሆንም።

እርስዎ አገር ቤት ስላሉ አንድ ነገር እንጨምር። አምነስቲ ለረጅም ጊዜ አባላቱ በገዛ አገራቸው እስረኞች ጉዳይ እንዳይጽፉ ይከለክል ነበር። ምክንያቱ አንድም ገለልተኝነት፣ አንድም የጸሐፊው ደኅንነት ነው። ደንቡ ዛሬ ቢላላም ምክንያቱ አሁንም ያስኬዳል፤ ለሌላ አገር እስረኛ በመጻፍ ቢጀምሩ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ በአስቸኳይ ጥሪ ላይ የተሰጠውን ናሙና እንዳለ ገልብጬ ብልክ ምን ችግር አለው? ስንት ገጽስ ይሁን? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ጊዜ ከሌለዎት ናሙናውን ይላኩት፤ ካለመላክ ይሻላል። አንድ ዓይነት መልእክት በሺህ ሲመጣ ግን ጽሕፈት ቤቱ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል፤ በራስ ቃል የተጻፈውን አንድ ጸሐፊ መክፈትና ማንበብ አለበት። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል።

የእኛ ሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ሰላምታና ምስጋናውን አስረዝሞ ዋናውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። እዚህ ግን ከባለሥልጣኑ ማዕረግ ቀጥሎ “ጉዳዩ” ብለው የእስረኛውን ሙሉ ስም ይጻፉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን፣ መቼ፣ የት እንደታሰረ ይናገር። ሁለተኛው የሚያሰጋዎትን ይግለጽ፦ ጠበቃ አላየም፣ መድኃኒት ተከልክሏል፣ ቅጣቱ ሊፈጸም ነው። ቀጥሎ የሚጠይቁትን ያስቀምጡ፤ ቢበዛ ሦስት ነገር። “ፍትሕ ይስፈን” ብሎ መጠየቅ ለባለሥልጣኑ የሚፈጽመው ነገር አይሰጠውም። “ሐኪም እንዲያየው ይፈቀድ” የሚለውን ግን ወይ ይፈጽመዋል፣ ወይ እምቢ ማለቱ ይታወቅበታል።

የዚያኑ አገር ሕግ መጥቀስ ከውጭ ሕግ ይልቅ ይሰማል። ለምሳሌ ደብዳቤው ለኢትዮጵያ ባለሥልጣን ከሆነ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 7 (ስለ ስቃይ)፣ 9 (ስለ እስር) እና 14 (ስለ ፍትሐዊ ዳኝነት) ሊጨመሩ ይችላሉ።

ስድብ፣ ዛቻ፣ የፓርቲ መፈክር፣ የአገሩን ሕዝብ የሚነካ ቃል አንድም እንዳይገባ። ቁጣዎ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የሚከፍልበት ግን እስረኛው ነው። ነርስ ወይም መምህር ከሆኑ ሙያዎን ይጥቀሱ፤ በተለይ እስረኛው የሙያ ባልደረባዎ ከሆነ ክብደት ይጨምራል። መጀመሪያ በኢሜይል ይላኩ፣ ወረቀቱ በፖስታ ይከተል፣ ቅጂው እርስዎ ባሉበት አገር ለሚገኘው የዚያ አገር ኤምባሲ ይሂድ። ጥሪው ላይ የመጻፊያው ማብቂያ ቀን አለ። ቀኑ ካለፈ ሳያጣሩ አይላኩ፤ ሰውየው ተፈትቶ ወይም ጥያቄው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። መልስ ከመጣልዎት ቅጂውን ጥሪውን ላወጣው ድርጅት ይላኩ፤ የሁለት መስመር መልስ እንኳ መንግሥት ምን እያለ እንደሆነ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት ጠይቋል፤ እስካሁን በኢሚግሬሽን ማቆያ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን 40 ሰው የፈረመበት ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ለዳኛው በፖስታ እንላከው? (ወይዘሮ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እናታችን፣ አይላኩት። ለዳኛው በቀጥታ የተላከ ደብዳቤ መዝገቡ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ማስረጃ የሚቀርበው በጠበቃው፣ ጠበቃ ከሌለው በራሱ በልጁ በኩል ነው። አንድ ቅጂ ለመንግሥት ጠበቃ መድረስ አለበት፤ መድረሱን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀትም ይያያዛል።

ቀጥሎ ደብዳቤው ለምን እንደሚፈለግ ጠበቃውን ይጠይቁ። ለዋስ ችሎት፣ ለአይስ (ሰዎችን በማቆያ ለሚይዘው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) የሚቀርብ የፓሮል ጥያቄ፣ ማለትም ጉዳዩ እስኪታይ ከማቆያ ልቀቁኝ የሚል ጥያቄ፣ እና ለዋናው የጥገኝነት ክርክር የሚጻፈው አንድ አይደለም። ከ2025 ወዲህ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በሰጠው ውሳኔ፣ ሳይፈተሹ ድንበር የተሻገሩ ብዙ ሰዎች ዳኛን ዋስ እንዳይጠይቁ ተደርገዋል፤ ነገሩ በፌደራል ፍርድ ቤቶችም ክርክር አስነስቷል። ስለዚህ የልጁ መንገድ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ወረቀት መሰብሰብ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዋስ የሚቻል ከሆነ ዳኛው የሚመዝነው፣ ልጁ ይጠፋል ወይ፣ ለሌላው አደጋ ነው ወይ የሚለውን ነው። “ጨዋ ልጅ ነው፣ ከጥሩ ቤተሰብ ነው” የሚል ደብዳቤ አንዱንም አይመልስም። የሚመልሰው እንዲህ ያለው ነው፦ “አክስቱ ነኝ፤ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ በዚህ አድራሻ ለስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የሚያድርበት ክፍል አለኝ፤ በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ።” ከዚህ ጋር የፓስፖርት ወይም የግሪን ካርድ ቅጂ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል፣ የታክስ ወረቀት ወይም የደመወዝ ቼክ ቅጂ ይያያዛል። በሕጉ ዝቅተኛው የዋስ ገንዘብ 1,500 ዶላር ነው፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ስለሚበልጥ ከፋዩ ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይወሰን።

የ40ውን ፊርማ ትተው ልጁን በእውነት ከሚያውቁት ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ለየብቻ ያስጽፉ። ቃል በቃል የሚመሳሰሉ ደብዳቤዎች ሁሉንም ያስጠረጥራሉ። ካህኑ የሚጽፉት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተምና አድራሻ ባለበት ወረቀት ይሁን፤ የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ። በስልክ ብቻ የሚያውቁት ከሆነ “በስልክ” ይበሉ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ቀን፣ ስልክ፣ በእጅ የተፈረመ ፊርማ እና “በሐሰት ብመሰክር በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ” የሚል ቃል ይኑረው። በአማርኛ ከተጻፈ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይያያዛል፤ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞ ያረጋግጣል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ዘመድ ግን አድራሻውንና መታወቂያውን መዝገብ ውስጥ እንዳያስገባ፤ እሱንም ማጋለጥ ይሆናል።

የኢትዮጵያውያንን ኬዝ በተለይ የሚጎዱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። ፀሐይ የሚለው በላቲን ፊደል በሦስት በአራት መንገድ ይጻፋል፤ በደብዳቤው ላይ ያለው ከኢሚግሬሽን ፋይሉ ጋር በፊደል አንድ ይሁን፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ አኃዝ ያለው የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥሩም (ኤ-ነምበሩ) ይጻፍ። ሁለተኛው ቀን ነው። “በ2013 ታሰረ” ብለው አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፉ፣ በወረቀት ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ቅራኔ ይፈጠራል፤ የመንግሥት ጠበቃም “ታሪኩ ይለዋወጣል” ይላል። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ልጁ ከሰጠው ቃል ጋር የሚጋጭ ቀን እንዳይጽፉ ጠበቃው ሁሉንም ቀድሞ ይይ። በትክክል የማያስታውሱትን ቀን አለመጻፍ ይሻላል። ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ “ጠዋት 3 ሰዓት” የተባለ ቀጠሮ በአሜሪካ 9 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ይወቅ። ያመለጠ ችሎት በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ያስከትላል።

አርባዎቹ ሰዎች ሥራ አላቸው፤ ለአካባቢያችሁ የኮንግረስ አባል ይጻፉ። ጽሕፈት ቤቱ ስለ ልጁ አይስን መጠየቅ የሚችለው ልጁ የግል መረጃው እንዲሰጥ በፈረመው ፎርም ነው፤ ስለዚህ ፎርሙን ቀድመው ወደ ማቆያው ይላኩለት። የኮንግረስ አባል ዳኛን አያዝዝም፤ ስለ ሕክምና መከልከል ወይም ስለ ዝውውር ግን ጠይቆ መልስ ያገኛል። ልጁ በድንገት ወደ ሌላ ግዛት ሊዛወር ስለሚችል ማንኛውንም ነገር በምትልኩበት ቀን በአይስ የእስረኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ ያለበትን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በማቆያ ያለውን ልጅ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለቅቀን ዘመቻ ብንጀምርለትስ? (ከዚያው ከተማ፣ ሌላ ጠያቂ)

መልስ፦ ለኅሊና እስረኛ፣ ማለትም በእምነቱ ወይም በአስተሳሰቡ ብቻ ለታሰረ ሰው፣ የስሙ መታወቅ ጋሻ ነው። ለጥገኝነት ጠያቂ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የአሜሪካ ሕግ የጥገኝነት ማመልከቻን በምስጢር የሚይዘው ያሳደደው አካል እንዳያውቅ፣ አገር ቤት የቀሩት ወላጆችና ወንድሞችም እንዳይነኩ ነው። እናንተ የለጠፋችሁትን መንግሥት መልሶ ሊሰውረው አይችልም። የሚባረርበት ቀን ተቆርጦ ሌላ መንገድ ሁሉ ከተዘጋ፣ ጠበቃውም ካመነበት፣ ልጁ ራሱ አውቆ ከፈቀደ ይደረጋል። ስለ እሱ እናቱ መፍቀዷ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ጥገኝነት የጠየቁ ልጆች አባል ሳይሆኑ “አባል ነው ብላችሁ ጻፉልን” ይሉናል። እንዘንላቸው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ካዘናችሁላቸው አትጻፉ። በአሜሪካ ሕግ ዳኛ ማመልከቻው ሆን ተብሎ በሐሰት የተሠራ ነው ብሎ ከወሰነ፣ አመልካቹ ማንኛውንም የኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል፤ በኋላ ቢያገባ፣ ልጁ ዜጋ ቢሆን እንኳ። አንድ የሐሰት ደብዳቤ ሲጋለጥ ደግሞ በማኅበሩ ማኅተም የወጣው እውነተኛ ደብዳቤ ሁሉ ዋጋ ያጣል። አባል የሆነውን ሰው ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ሥራ እንደተሳተፈ፣ መዋጮ ከከፈለ መቼ መቼ እንደከፈለ ከመዝገባችሁ ገልብጣችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ውስጥ ጥገኝነቱ የመጨረሻ ውድቅ ለሆነበት ወንድሜ ደብዳቤ ማሰባሰብ ይጠቅማል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ቦታው ግን የየክፍለ ሀገሩ የችግረኞች ጉዳይ ኮሚሽን፣ ሄርተፋልኮሚስዮን የሚባለው ነው። የሚሠራው በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 23ሀ መሠረት ነው። ኮሚሽኑ የስደቱን ምክንያት ዳግም አይመረምርም፤ ስለዚህ ስለ እስርና ስለ ግርፋት የሚተርክ ደብዳቤ እዚያ ቦታ የለውም። የሚያየው ሰውየው ጀርመን ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ነው፦ የቋንቋ ሰርተፊኬት፣ የሥራ ውል፣ የአሠሪው ደብዳቤ፣ የልጆቹ መምህር የጻፈችው፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግልበት ማኅበር ምስክርነት። ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። በብዙ ክፍላተ ሀገር የመባረሪያው ቀን ከተቆረጠ በኋላ ማመልከቻ አይቀበሉም፤ ውድቅ የሆነበት ደብዳቤ በመጣ ሳምንት ወደ አማካሪ ቢሮ ይሂዱ። ኮሚሽኑ ቢደግፍም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ነው።

ጥያቄ፦ ለእስረኛው ለራሱ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምን ልበል? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አጭር፣ በግልጽ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንሱር የሚያደርገው ሰው በሚያነበው ቋንቋ። አማርኛ የሚያነብ በሌለበት እስር ቤት የአማርኛ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለ ክሱ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ዘመቻው አታንሳ፤ ጥሪው “የድርጅቱን ስም አትጥቀሱ” ካለ ምክንያት አለውና አክብር። “በቅርቡ ትፈታለህ” ብለህ ቃል አትግባ። ስለ ሰፈርህ፣ ስለ ትምህርትህ፣ ስለ ዝናቡ ጻፍ፤ መልስ እንደማትጠብቅም ንገረው፣ ቴምብር የሚገዛበት ላይኖረው ይችላል። ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ ጥሩ ነው። የእስረኛ ቁጥሩን ከስሙ ጎን አድርግ፤ ገንዘብ አትላክ።

ወደ አሜሪካ እስር ቤት ከሆነ ነጭ ወረቀት፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም ብቻ። ስቲከር፣ ብልጭልጭ፣ ሽቶ የነካው ወረቀት ይመለሳል ወይም ይጣላል። በርካታ ግዛቶች ደብዳቤውን ስካን ለሚያደርግ ኩባንያ በሌላ አድራሻ ስለሚቀበሉ የእስር ቤቱን የፖስታ ደንብ ሳታይ አትላክ። መጽሐፍ ከሆነ ብዙ ቦታ የሚቀበሉት ከአሳታሚ ወይም ከመጻሕፍት መደብር በቀጥታ የተላከውን ነው፤ ሽፋኑም ለስላሳ ይሁን።