መልስ፦ የመጀመሪያው አጭር ትራያትሎንና የሐይቁ ዋና

ጤና ይስጥልኝ። በገንዳ ያለ ችግር እየዋኙ፣ የአጭር ትራያትሎንን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር) የ750 ሜትር ዋና በሐይቅ መጨረስዎ እንደሚያጠራጥርዎ ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት ጀማሪን የሚፈትነው የጉልበት ማነስ ሳይሆን፣ ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ትንፋሽ መቆራረጡና የሌሎች ዋናተኞች እጅና እግር ዙሪያውን መክበቡ ስለሆነ፣ አስቀድመው ከአጃቢ ጋር በሐይቅ ይለማመዱ። በዕለቱም ከዳር ወይም ከኋላ ተነስተው፣ በየጥቂት ቀዘፋው ዓይንዎን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ እያደረጉ ተንሳፋፊውን ምልክት ይመልከቱ፤ በገንዳው ወለል ላይ የለመዱት ጥቁር መስመር እዚያ የለምና። ከውሃው ሲወጡ ብስክሌቱን ከማቆሚያው ከማንሳትዎ በፊት ሄልሜትዎን አጥልቀው ማሰሪያውን ይቆልፉ፤ ይህን የዘነጋ ይቀጣል። ከ20 ኪሎ ሜትሩ ግልቢያ በኋላ እግር እንደ እርሳስ ስለሚከብድ (በማንም ላይ ይደርሳል)፣ የ5 ኪሎ ሜትሩን ሩጫ ዝግ ብለው ይጀምሩት።